ኦካምል፦ ኦፕቲማይዜሽኑ ከሞጁል ወሰን ሳያልፍ ሲቀር፣ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ። በኦካምል (የፕሮግራም ቋንቋ) ጽፋችኋል፤ አልጎሪዝሙ ደህና ነው፣ ፕሮግራሙ ግን ይንቀራፈፋል። ፐርፍ (ጊዜው የት እንደሚያልቅ የሚለካ መሣሪያ) ሲከፈት ከላይ የተደረደሩት ካምል_አፕላይ2 እና ካምል_አፕላይ3 ናቸው። ኮምፓይለሩ የሚጠራውን ፈንክሽን አላወቀውም፤ ስንት አርጉመንት እንደሚቀበል እንኳ የሚጣራው ፕሮግራሙ እየሮጠ ነው። ለፎልድ_ሌፍት (ዝርዝሩን እየዞረ የተሰጠውን ፈንክሽን የሚጠራ) በተሰጠ ፈንክሽን ይህን ማየት ያለ ነው። ሌላ ሞጁል ውስጥ ያለችን ባለ አንድ መስመር ፈንክሽን በስሟ ጠርታችሁ ከሆነ ግን ችግር አለ።

ምክንያቱ። በአብዛኛው ዱን (የኦካምል ፕሮጀክት መገንቢያ መሣሪያ) ነው። ምንም ካልነገራችሁት በዴቭ ፕሮፋይል (ኮድ እየጻፉ ለመሥራት በተዘጋጀው ቅንብር) ይገነባል፤ ዴቭ ደግሞ ለኮምፓይለሩ -ኦፔክ ያቀብላል። ያኔ ኮምፓይለሩ ለእያንዳንዱ ሞጁል በሚያወጣው በ.ሲኤምኤክስ ፋይል በኩል የሚያልፈው የፈንክሽኖች መረጃ ለሌሎች ሞጁሎች አይደርስም። የታሰበበት ነው፦ የአንድ ሞጁል ውስጡ ሲነካ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ እንደገና ኮምፓይል እንዳይደረጉ። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ደስ ይላል፤ በዚህ የተለካ ፍጥነት ግን ከንቱ ነው። ይባስ ብሎ «.ሲኤምኤክስ አልተገኘም» የሚለው ማስጠንቀቂያ 58 በ-ኦፔክ ለተሠራ ሞጁል አይወጣም።

ይህን ያላጣራ ሰው ሞጁሎቹን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ ፕሮግራሙ ይፈጥናል፤ «ሞጁል ያዘገያል» ብሎ ያውጃል። ያን ዝርክርክ ፋይል መልሶ የሚበትነው ሌላ ሰው ነው።

መፍትሄው። በሪሊስ ፕሮፋይል ገንቡ፦ ዱን ቢልድ --ፕሮፋይል ሪሊስ። ከዚያ _ቢልድ/ሎግን ከፍታችሁ -ኦፔክን ፈልጉ፤ አሁንም ካለ አልተስተካከለም። ተጠንቀቁ፦ በሪሊስ ገንብታችሁ ስታበቁ ባዶውን ዱን ኤግዜክ ካላችሁ በዴቭ እንደገና ይገነባና ያንኑ ቀርፋፋ ያስኬዳል። ፕሮፋይሉ እዚያም ይጻፍ። ቤንችማርክ ስክሪፕቱም ውስጥ። መደጋገሙ ከሰለቻችሁ ዱን-ወርክስፔስ ፋይል ላይ (ፕሮፋይል ሪሊስ) ብላችሁ ገላገሉት።

ሪሊስ ሆኖም የምትፈልጉት ጥሪ ኢንላይን መሆኑን (የፈንክሽኑ አካል በጥሪው ቦታ መተካቱን) ከተጠራጠራችሁ ጥሪው ላይ [@ኢንላይንድ] አድርጉ፤ ካልተቻለ ማስጠንቀቂያ 55 ይናገራል።

-ኦ3 (ጠንካራ ኦፕቲማይዜሽን የሚጠይቅ ምርጫ) ጨምረን ለውጥ የለም። ኦካምልኦፕት -ኮንፊግ ብላችሁ «ፍላምዳ» የሚለውን መስመር እዩ። ፎልስ ካለ -ኦ3 ጌጥ ነው፤ ኮምፓይለሩ ይቀበለዋል እንጂ አይሠራበትም። ፍላምዳ ከኦካምል 4.03 ጀምሮ ያለ፣ ኮምፓይለሩ ራሱ ሲገነባ የሚመረጥ ኦፕቲማይዘር ነው። ኦካምል-ኦፕሽን-ፍላምዳ ያለበት አዲስ የኦፓም (የኦካምል ጥቅል አስተዳዳሪ) ስዊች፣ ማለትም የራሱ ኮምፓይለር ያለው አካባቢ፣ ፍጠሩ።

ሪሊስ ላይ ማስጠንቀቂያ 58። ላይብረሪውን ያዘጋጀው ሰው .ሲኤምኤክሶቹን አልጫነም። .ሲኤምኤክስኤ (የላይብረሪው ጥቅል ፋይል) ብቻ መጫን የግማሽ ሥራ ነው። እባካችሁ ማስጠንቀቂያውን አታጥፉት፤ ላይብረሪውን አስተካክሉ።

ካምል_ኮምፔር (ለማንኛውም ታይፕ የሚሠራው ማወዳደሪያ) ፐርፍ ላይ ከፍ ካለ። ኢንላይኒንግ አያድነውም፤ የኢንላይኒንግ ተራ ሲደርስ ታይፑ ቀድሞ ጠፍቷል፣ በፍላምዳም ቢሆን። ኢንት.ኮምፔርን ተጠቀሙ፣ ወይም አርጉመንቱ ላይ ኢንት መሆኑን ጻፉ።

ሌሎቹ ኮምፓይለሮች። ጂኤችሲ (የሃስኬል ኮምፓይለር) ላይ የዚህ አምሳያ፣ ታይፕክላስ ያለበት ትልቅ ፈንክሽን ከሞጁሉ ውጭ ስፔሻላይዝ አለመደረጉ (ለተወሰነ ታይፕ ተለይቶ አለመሠራቱ) ነው፤ ኢንላይነብል ፕራግማ ጻፉለት። ኤምኤልተን (የስታንዳርድ ኤምኤል ኮምፓይለር) ፕሮግራሙን በሙሉ ባንድ ላይ ስለሚያይ ይህ አይነካውም፤ ዋጋውን በሜሞሪና በኮምፓይል ጊዜ ያስከፍላል። በኤምኤልተን ታይፕ ለማጣራት ብቻ ከሆነ -ስቶፕ ቲሲ ይበቃል።