አክሱም ላይ መሣሪያው ምንም ካላሳየ

እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የዩኔስኮ ቡድን አክሱም ላይ ሳይቆፍር፣ በመሬት ራዳርና በኤሌክትሪክ ልኬት ብቻ፣ ከሐውልቶቹ አጠገብ ካለው የመኪና ማቆሚያ ሥር የመቃብር ክፍሎች እንዳሉ ደርሶበታል። ያን ዜና ሰምቶ መሣሪያ ተሸክሞ የወጣ ሰው ግን ስክሪኑ ባዶ ሊሆንበት ይችላል። መሣሪያውን ከመውቀስዎ በፊት አፈሩንና ወቅቱን ይጠርጥሩ።

ራዳሩ ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይወርድ ይደክማል
ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ዋልካ ነው። ሸክላማ አፈር ሲርስ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሞገዱን ይውጠዋል። በ400 ሜጋኸርዝ አንቴና ፋንታ 200 ይሞክሩ። ጠለቅ ይላል፤ ትናንሽ ነገሮች ግን ያመልጡታል። ክረምት ላይ ባይደክሙ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ንባቡ ይዘላል
በጋ ላይ ዋልካው ይሰነጠቅና ኤሌክትሮዱ (መሬት ላይ የሚተከለው ብረት) አፈሩን በደንብ አይነካም። ጨው ያለበት ውሃ ጠብ አድርገው ጠበቅ አድርገው ይትከሉት። የኔ ምርጫ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ እርጥበቱ ግን ገና አለ። የድንጋይ ግንብ ከእርጥብ አፈር ቶሎ ይለያል።

ግንብ አለ፤ ማግኔቶሜትሩ ግን አላየውም
ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ማግኔቶሜትር የማግኔት መስክን የሚለካ መሣሪያ ነው። የአውሮፓ መማሪያ መጻሕፍት የሚያሳዩት የምድር ማግኔት መስክ ወደታች በሚያዘቀዝቅበት አገር የተሠራ ካርታ ነው። ኢትዮጵያ ግን ለማግኔታዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ መስኩ ጋደም ብሎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ስለዚህ ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ ግንብ ጫፍና ጫፉ ላይ ካልሆነ ብዙም አይታይም። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሄደው ግን ጎልቶ ይወጣል። ጠቅላላ የመስክ ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ ከያዙ ደግሞ ጠንካራ ማግኔት ያለው ነገር አናቱ ላይ ዝቅ ያለ ንባብ ይሰጣል፤ በአውሮፓ ዓይን ያየ ሰው ማግኔት የሌለው ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። መፍትሄው ያንኑ ቦታ በኤሌክትሪክም መለካት ነው። ካርታው ላይ ግንብ ስለሌለ ብቻ «እዚህ ምንም የለም» ብለው ሪፖርት አይጻፉ።

የማግኔቶሜትሩ ካርታ ዝብርቅርቅ ብሏል
በአካባቢው ባዛልት ሞልቷል፤ ባዛልት የራሱ ማግኔት አለው። የቆርቆሮ አጥር አጠገብ ከሆነማ ፈቀቅ ይበሉ። በባዛልት ከተሞላ ግን ማጣሪያ ሶፍትዌር ብዙም አያድንም፣ ዘዴውን ይቀይሩ።

መስመር በመስመር ሰንበር ይታያል
ኪስ ይፈትሹ፦ ቁልፍ፣ ስልክ፣ የቀበቶ ዘለበት። ከዚያም ሴንሰሩን እንደገና ያስተካክሉ።