ከአገልግሎት የወጣ የጦር አውሮፕላን ለሙዚየም እንዲሰጥ ከፈለጋችሁ ከየት ትጀምራላችሁ

የቆመ አሮጌ ጀት አይታችሁ "ይሄ እኮ ሙዚየም መግባት ነበረበት" ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው። በተለይ በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ በኩል የምንኖር ሰዎች ለቢሾፍቱ ቅርብ ነን፣ ሰፈራችን ውስጥም ከአየር ኃይል ጡረታ የወጡ አባቶች አሉ፣ ስለዚህ ሀሳቡ ቶሎ ነው የሚመጣልን። የኔ ምክር አንድ ነው፦ አውሮፕላኑን ከመጠየቃችሁ በፊት የሚቆምበትን ቦታና የሚረከበውን ተቋም ጨርሱ። ብዙው ሰው ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ያስፈቅዳል፣ ከዛ ቦታ ፍለጋ ይዞራል፣ እሱ ሲዞር አውሮፕላኑ ክረምት ይመታዋል፣ ዕቃው አንድ በአንድ ይፈታል፣ መጨረሻ ላይ ቆራሌው ነው የሚረከበው።

ጉዳዩ ያሳስበኛል። "ፀሐይ" የምትባለው አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም እዚሁ አዲስ አበባ ተሰርታ፣ ጣልያን ወስዷት ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ የሚገኘው ሙዚየም ውስጥ ስትታይ ኖራ በ2016 ዓ.ም ጥር ላይ ነው የተመለሰችልን። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለኛ የሸጠቻቸው ፋየርፍላይ የሚባሉት አውሮፕላኖችም ሜዳ ላይ ወድቀው ከርመው የተወሰኑት በ1990ዎቹ ወደ ካናዳ ሙዚየም ሄደዋል። እኛ ብረት ነው ያልነውን ሌላው ባህር አቋርጦ መጥቶ ይወስደዋል ማለት ነው።

እሺ፣ መጀመሪያ ተረካቢው። መከላከያ ለግለሰብ ወይም "ለሰፈሩ ወጣቶች" አውሮፕላን አይሰጥም፣ ሊሰጥም አይገባም። ሕጋዊ ሰውነት ያለው አካል ያስፈልጋል፦ የመንግስት ሙዚየም፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የክፍለ ከተማ ወይም የከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም፣ ወይም በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት። እኔ ብሆን አዲስ ድርጅት ከማቋቋም ይልቅ ያለ የመንግስት ተቋም ጋር ተጠግቼ ነው የምሰራው፣ ምክንያቱም ከመንግስት ወደ መንግስት ንብረት ማስተላለፍ ቀለል ይላል፣ በአንደኛው በኩል በሞዴል 22 የንብረት ቅጽ ወጪ ይሆናል፣ በሌላው በኩል በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ በቃ ባለቤቱ ይታወቃል። ስለ ቅርስነቱም ገና ከመጀመሪያው የቅርስ ባለሥልጣንን አናግሩ፣ በአዋጅ 209/1992 መሰረት ከተመዘገበ በኋላ ባለሥልጣኑ ሳያውቅ ማንም ተነስቶ ሊሸጠው ወይም ያለ ፈቃድ ከሀገር ሊያስወጣው አይችልም።

ስጦታ ብቻ አትበሉ ደግሞ። ውሰትም አለ። አሜሪካኖቹ ዴይተን ኦሃዮ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየማቸው በኩል ለሌሎች ሙዚየሞች አውሮፕላን ሲሰጡ በብዛት በውሰት ነው፣ ባለቤትነቱ እዛው አየር ኃይሉ ጋር ይቀራል፣ ማጓጓዙንና እንክብካቤውን ተዋሹ ይችላል፣ በየዓመቱም ሁኔታውን ሪፖርት ያደርጋል። ለኛም ይሄ ጥሩ መንገድ ይመስለኛል። የሚሰጠው ወገን ንብረቱ ጨርሶ ከእጁ ስላልወጣ ፊርማው አይከብደውም፣ እናንተም ነገ ሙዚየሙ ቢዘጋ አውሮፕላኑ ወዴት ይሄዳል የሚለው ከወዲሁ ይመለስላችኋል። ስጦታም ይሁን ውሰት ይሄ አንቀጽ ውሉ ውስጥ በግልጽ ይግባ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ማን ናችሁ፣ የትኛውን አውሮፕላን ነው የምትፈልጉት (ዓይነቱንና የጭራ ቁጥሩን)፣ የት ይቆማል፣ ካርታውና የቦታው ፎቶ፣ ማጓጓዣውን ማን ይከፍላል፣ ማን ይጠብቀዋል። የተቋሙ ኃላፊ ፈርሞበት፣ ማህተም ተደርጎበት፣ ለመከላከያ ሚኒስቴር ሆኖ ለአየር ኃይል ግልባጭ ይሄዳል። ከዛ መከታተል ነው፣ ግን በትህትና፣ እነሱም የራሳቸው ስራ አለባቸው።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አውሮፕላኑ ከየት ሀገር እንደመጣ ነው። እንደ ኤፍ-5 እና ቲ-33 ያሉት ጀቶች፣ ከአሜሪካ በወታደራዊ እርዳታ የመጡት ላይ የአሜሪካ መንግስት አሁንም መብት አለው፣ ተቀባዩ ሀገር ለሌላ ወገን ከማስተላለፉ በፊት የነሱን ስምምነት መጠየቅ አለበት። ይሄን ጥያቄ የሚያቀርበው መንግስት ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም፣ ግን ጊዜ ስለሚወስድ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ አንሱት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደህንነቱ። ተዋጊ ጀት ስንት ዓመት ቢቆምም ውስጡ ፈንጂ ሊኖር ይችላል። አብራሪውን አስፈንጥሮ የሚያወጣው ወንበር የሚሰራው በባሩድ ካርትሪጅ ነው፣ የኮክፒቱን ክዳን የሚወረውረውም እንደዛው፣ ካርትሪጁ ሲያረጅ ደግሞ ይበልጥ የማይታመን ነው የሚሆነው። ቀይ የደህንነት ፒን ተሰክቶበታል ማለት ከሽፏል ማለት አይደለም። ካርትሪጆቹ መውጣት አለባቸው፣ ይሄን የሚሰራው የአየር ኃይሉ የትጥቅ ባለሙያ ብቻ ነው፣ ስሙ፣ ፊርማውና ቀኑ ያለበት ወረቀት ካልሰጣችሁ አውሮፕላኑን አትረከቡ። ልጆች ኮክፒት ውስጥ ይቀመጣሉ እኮ! የሞተሩ እሳት ማጥፊያ ጠርሙስም ካለ የራሱ ትንሽ ፈንጂ ሊኖረው ይችላል። የተጠራቀመ የሃይድሮሊክና የናይትሮጅን ግፊት ይተንፈስ፣ የነዳጅ ታንኩ ይጠረግና በደንብ ይናፈስ፣ በነዳጅ ተን የተሞላ ባዶ ታንክ ነዳጅ ከሞላው ይብሳል። መድፎቹ፣ የወዳጅ ጠላት መለያ መሣሪያው፣ ምስጢራዊ ሬዲዮዎቹም ይነሳሉ፣ እሱን እነሱ ያውቁበታል።

የድሮ አውሮፕላን ከሆነ የጌጆቹ (የኮክፒቱ መለኪያዎች) ቁጥር ላይ ሬዲየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ነገር ያለበት፣ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ቀለም የተቀባ ሊሆን ይችላል። ጨለማ ውስጥ ማብራት ካቆመ ሬዲየሙ አልቋል ማለት አይደለም፣ ግማሹ ለማለቅ 1600 ዓመት ነው የሚፈጅበት። ብርጭቆው የተሰበረ ጌጅ አትፋቁ፣ አትንፉበት፣ ጨረር የሚለካ ባለሙያ ከኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ይጠየቅ። የፍሬን ሸራና አንዳንድ ማሸጊያ ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ነገር፣ ሊኖር ይችላል፣ በግራይንደር አትንኩት።

ማጓጓዝ። እዚህ ጋ ነው ብሩ የሚሄደው። ሚግ-21 ባዶውን ከ5 ቶን በላይ ነው፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 7.15 ሜትር ነው፣ ግን ግራና ቀኙ ለየብቻ ስለሚፈታ ሎቤድ (ዝቅ ያለ የጭነት ተሳቢ) ላይ ጥሩ ይቀመጣል። ኤፍ-5ኢ ቀለል ይላል፣ 4 ቶን ተኩል አይሞላም፣ ችግሩ ክንፉ አንድ ወጥ ነው፣ ከሆዱ ስር ተፈቶ ሙሉውን ነው የሚወጣው፣ 8 ሜትር የሚሆን ነገር አግድም አስፋልት ላይ ማለፍ ስለማይችል በተሰራለት ብረት ላይ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚጫነው። ሚግ-23 ክንፉን ወደ ኋላ ስለሚያጥፍ ከ14 ሜትር ወደ 8 ገደማ ይወርዳል፣ ለመንገድ ግን እሱም ሰፊ ነው። ሲ-47 የሚባለው የጭነት አውሮፕላን ደግሞ ክንፉ 29 ሜትር ነው፣ የውጭዎቹ ክንፎች ቢፈቱም መሀለኛው ክፍል ከሆዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለመጀመሪያ ሙከራ አልመክርም።

አደራ፣ ክንፍ በጋዝ ቆርጣችሁ አትጫኑ። "መልሰን እንበይደዋለን" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ፣ የአውሮፕላን አሉሚኒየም እንደዛ አይመለስም። ቦልቱን የሚያውቁት ጡረታ የወጡት ቴክኒሻኖች ናቸው፣ እነሱን አምጡ፣ ውሎ አበላቸውን ክፈሉ፣ የሚፈታውን እያንዳንዱን ቦልት በላስቲክ አድርጋችሁ ከየት እንደወጣ ጻፉበት።

ከቢሾፍቱ ወደዚህ ስትመጡ ሁለት ምርጫ አለ፣ የፍጥነት መንገዱ ወይም በዱከም በገላን የሚመጣው አሮጌው መንገድ። በፍጥነት መንገዱ መብራትና ስልክ ሽቦ አይበዛም፣ ግን የክፍያ ጣቢያው መተላለፊያ ስፋት ውስን ነው፣ የላይ ድልድዩ ከፍታም እንዲሁ፣ ከአስተዳደሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአሮጌው በኩል ደግሞ ሽቦው፣ ባጃጁ፣ ገበያው። መንገዱን ቀድማችሁ በሜትር እየለካችሁ ሂዱበት፣ ጠባቡንና ዝቅ ያለውን ቦታ ፎቶ አንሱ። ጉዞው እሁድ ጠዋት በማለዳ ቢሆን፣ ከፊትና ከኋላ የትራፊክ ፖሊስ አጃቢ ቢኖር ጥሩ ነው። ክሬን በሰዓት ነው የሚከፈለው፣ ስለዚህ ክሬኑ ከመምጣቱ በፊት ማንሻ ቀበቶው፣ ማንሻ ነጥቡ፣ ሰዉ ሁሉ ዝግጁ ይሁን።

የሚቆምበት መሬት ላይ ትንሽ ልቆይ። በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በዱከም በኩል ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤት የሰራ ሁሉ ያውቀዋል። ሙሉ ክብደቱ ሦስት ጎማ ላይ ያረፈ አውሮፕላን በቀጥታ እዛ አፈር ላይ ከቆመ አንደኛው እግሩ ይሰምጣል፣ ሰውነቱ ይጣመማል። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይውጣ፣ በሰሌክት (ለመሙያ በተመረጠ የማያብጥ አፈር) ይሞላ፣ ይጠቅጠቅ፣ ከላይ ብረት ያለው ኮንክሪት ይፍሰስ፣ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ይሰራለት። ክብደቱን ጎማው ሳይሆን ከጃክ ነጥቡ (ክሪክ ከሚገባበት ቦታ) ስር የሚቆም የብረት መቆሚያ ይሸከመው፣ ጎማ በፀሐይ ይበሰብሳልና። ሚዛኑንም አስሉ፦ ኤፍ-5 ሁለቱ መድፎቹ አፍንጫው ውስጥ ናቸው፣ ሞተሮቹ ከኋላ፣ መድፎቹ ወጥተው ሞተሮቹ ከቀሩ በጭራው ሊቀመጥ ይችላል፣ ስለዚህ አፍንጫው ውስጥ የወጣውን ያህል ክብደት ይታሰርለታል። ለነፋሱም በሰንሰለት ከኮንክሪቱ ጋር እሰሩት። ጣሪያ ማሰራት ከቻላችሁ ደግሞ ከምንም በፊት ጣሪያ፣ በዚህ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ቀለሙንና የኮክፒቱን መስታወት ቶሎ ነው የሚጨርሰው።

ወረቀቱን አትርሱ። ሎግቡኩን፣ የጥገና መዝገቡን፣ ኮፒም ቢሆን አብራችሁ ጠይቁ። ኤፍ-5ኢ በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያን ሚግ-21 የገጠመ አውሮፕላን ነው፣ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ሚግ ጥለው፣ በኋላ ራሳቸው ተመተው 11 ዓመት ሶማሊያ ታስረዋል። የእናንተ አውሮፕላን የትኛው ነው፣ ማን አበረረው፣ የት ሄደ? መልሱ ያለው መዝገቡ ውስጥና ሽማግሌዎቹ ጋ ነው። ጋሼዎቹን አስቀምጣችሁ በስልክም ቢሆን ድምፃቸውን ቅዱ፣ ዘንድሮ ቅዱ። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊትም የተጻፈበትን ሁሉ፣ የጭራ ቁጥሩን፣ ባንዲራውን፣ ትንንሾቹን የቴክኒክ ጽሁፎች ሳይቀር በሜትር ለክታችሁ ፎቶ አንሱ። ለምርቃት ያምራል ተብሎ በግድግዳ ቀለም ተለቅልቆ ታሪኩ የጠፋ አውሮፕላን ያሳዝናል።

የመጀመሪያው ክረምት ከመግባቱ በፊት የአየር ማስገቢያውንና የጭስ ማውጫውን በወንፊት ሽቦ ዝጉ፣ ወፍ ከገባ ኩሱ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ከሆዱ ስር ያሉትን የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎች ግን አትድፈኑ፣ በሽቦ ጥረጓቸው። እጥበቱ በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙናና በስፖንጅ ይሁን፣ የዱቄት ሳሙናና የመኪና እጥበት ግፊት ውሃ አይሆንም። ዝናቡ ሲያባራ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ የጎማ ቤቱን፣ የክንፉን ስርና ኮክፒቱን ይይ፣ ያየውን በደብተር ይጻፍ፣ ደብተሩም በሞዴል 19 ከተረከበው ሰው ጋር ይቀመጥ።