የትንፋሽ መሣሪያ ሲጫወቱ ጉሮሮ ለምን ያማል? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ክላርኔት፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት ወይም ሌላ የትንፋሽ መሣሪያ ለረጅም ሰዓት የተጫወተ ሰው ከንፈሩና ጉንጩ ቢዝል አያስገርምም፤ ጡንቻዎቹ የደከሙት ሥራቸውን ሠርተው ነው። የጉሮሮ ሕመም ግን ከዚህ ይለያል። ጉሮሮ አየር የሚያልፍበት መንገድ እንጂ አየር የሚገፋ አካል አይደለም። ስለዚህ ካመመ ወይ የሌላውን ሥራ ተሸክሟል፣ ወይ ደርቋል፣ አለዚያም ከአነፋፉ ውጭ የመጣ ሕመም አለበት። «ትንሽ ይቻሉት፣ ይለመዳል» የሚለውን ምክር ፈጽሞ አልቀበለውም። በሕመም ላይ የተለማመደ ሰው የሚለምደው ሕመሙን ያመጣውን አነፋፍ ነው።

መጀመሪያ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን መሣሪያውን ያሳርፉ። ሕመሙ ጠፍቶ መንፋት ሲጀምሩ ከተመለሰ መንስኤው አነፋፍዎ ወይም መሣሪያው ነው። ዕረፍቱ ምንም ካልለወጠ ግን ጉንፋን፣ አለርጂ፣ የቶንሲል ሕመም ወይም የጨጓራ አሲድ ይጠረጠራል። ከዚያ በኋላ ሕመሙ የት ቦታና መቼ እንደሚነሣ ያስተውሉ።

ማንቁርት አካባቢ የሚጨመድድ ሕመም

ከፍ ያሉ ኖታዎች ላይ አንገት ይወጠራል፣ የደም ሥር ይገተራል፣ አንዳንድ ጊዜም ከመሣሪያው ድምፅ ጋር የማቃሰት ድምፅ ይሰማል። ከጨዋታው በኋላ የመናገሪያ ድምፅ ይጎረንናል። ተጫዋቾችን በብዛት የሚያስቸግረው ይህ ነውና ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ከባድ ዕቃ ስናነሣ ሳናስበው ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ የድምፅ አውታሮቻችን ገጥመው አየሩን ያግዱታል። መሣሪያው አየሩን አላሳልፍ ሲልም ሰውነት ያንኑ ያደርጋል። የሆድና የጎድን ጡንቻዎች ይገፋሉ፣ ጉሮሮ ያግዳል፣ ተጫዋቹ ድምፁ ስላነሰው ይበልጥ ይገፋል። ግፊቱም ቀላል አይደለም። ፍሉት ሲነፋ አፍ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ኦቦ በሚባለው የእንጨት መሣሪያና በትራምፔት ላይ ግን ብዙ እጥፍ ይሆናል። በትራምፔት ከፍ ያለ ኖታ በኃይል ሲነፋ ከ100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት መለኪያ) ሊያልፍ ይችላል።

ለማስተካከል መሣሪያውን አስቀምጠው ይጀምሩ። አፍዎን «ሆ» እንደሚል ሰው አድርገው አየር ያስገቡ፤ ሳያቋርጡ ወዲያው ያስወጡት። በመግባትና በመውጣት መካከል ትንፋሹ ቆም ካለ ጉሮሮው የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ኖታ ዘግይቶ ወይም ተደናቅፎ የሚወጣባቸው ሰዎች ችግርም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ አየር ስበው፣ አምቀው ምቱን ይጠብቃሉ። ትንፋሹን ምቱ ሊደርስ ሲል ይውሰዱት፣ በምቱም ላይ ይልቀቁት።

ቀጥለው በሚመችዎ መካከለኛ ኖታ ላይ ለስለስ ያለ ረጅም ድምፅ ይንፉ። ኖታውን በግማሽ ድምፅ (በሴሚቶን) ከፍ እያደረጉ ወደ ላይ ይውጡ። ጉሮሮ መጨምደድ የጀመረበት ኖታ ላይ ሲደርሱ ወደ ታች ይመለሱ፤ ለዚያን ቀን ከዚያ አይለፉ። ፊት ለፊት መስታወት ቢያስቀምጡ አንገትና ትከሻ ገና ሕመም ሳይሰማ ሲወጠሩ ያያሉ።

መምህራን «ጉሮሮህን ክፈት» ማለት ይወዳሉ። የምክሩ ዓላማ በጎ ነው፤ ግን ቃል በቃል ወስደው እንደሚያዛጋ ሰው ጉሮሯቸውን የሚለጥጡ ተማሪዎች አንዱን ውጥረት በሌላ ይተካሉ። በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ሲታይ የሠለጠኑ ተጫዋቾች የድምፅ አውታሮችም ሲነፉ በመጠኑ ይቀራረባሉ። የሚፈለገው የላላ ጉሮሮ ነው እንጂ በግድ የተበረገደ አይደለም።

ጥፋቱን ሁሉ ግን በራስዎ ላይ አያድርጉ። የክላርኔትና የሳክስፎን ሪድ (አፍ ላይ በሚገባው ክፍል ታስሮ ሲነፋ የሚርገበገበው ስስ ቅጠል) ከአቅም በላይ ጠንካራ ከሆነ ጉሮሮ መታገሉ አይቀርም። የሪድ ቁጥር ጥንካሬውን ያሳያል፤ ቁጥር 3 የሚጠቀሙ ከሆነ 2½ ይሞክሩ፤ በዚያው ልምምድ ላይ ሕመሙ ከቀለለ መንስኤው ተገኘ። ጠንካራ ሪድ የጎበዝ ተጫዋች ምልክት አይደለም። ቀዳዳዎቹን የሚከድኑት ፓዶች አየር ሲያሾልኩም ተጫዋቹ ሳያውቀው በኃይል ይነፋል። በክላርኔት ላይ ይህን ለማረጋገጥ ክፍሎቹን ይለያዩና የአንዱን ቀዳዳዎች በጣት፣ የታችኛውን ጫፍ በመዳፍ ደፍነው አየሩን በአፍ ይሳቡ። ውስጡ ባዶ ሆኖ ካልቆየና አየር ቶሎ ከገባ የሚያሾልክ ቦታ አለ፤ ጥገና ያስፈልገዋል።

ሳክስፎን እየነፉ በጉሮሮ ማጉረምረም የሚወዱ ካሉ፣ ያ ስልት የድምፅ አውታሮችን በቀጥታ ያደክማል። በአጭሩ ይለማመዱት፤ ድምፅዎ በጎረነነበት ቀን ይተዉት።

አየር በአፍንጫ ሲያመልጥ

ለተወሰነ ጊዜ ከነፉ በኋላ ከእንጥል በላይ ሕመም ይሰማል፣ በአፍንጫም የማንኮራፋት ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ለስላሳው የኋለኛ ላንቃ ደክሞ የአፍንጫን መንገድ መዝጋት ሲያቅተው ነው። ታግለው አያሸንፉትም። ወዲያው ያቁሙ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ልምምዱን በአጭር በአጭሩ ይከፋፍሉት፣ ለምሳሌ በለስላሳ ሪድ መሣሪያው አየሩን የሚያግድበትን ኃይል ይቀንሱ። ደጋግሞ ከመጣ ሐኪም ማየት አለበት።

ደረቅና የሚከረክር ጉሮሮ

በአፍ ብቻ መተንፈስ፣ ደረቅ ክፍልና የውኃ እጥረት ያመጡታል። የምንጠጣው ውኃ በምግብ ቧንቧ ስለሚወርድ የድምፅ አውታሮችን አይነካቸውም፤ የሚረጥቡት ሰውነት ውኃውን ካሰራጨው በኋላ ነው። ስለዚህ ልምምድ ሲጀመር አንድ ጠርሙስ ከመጨለጥ ከሰዓታት በፊት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ መጠጣት ይሻላል። ሙዚቃው ረጅም ዕረፍት ሲሰጥዎት በአፍንጫ ይተንፍሱ። አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶችም ያደርቃሉ። የሚያደነዝዝ የጉሮሮ ከረሜላ መጥጦ መንፋትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሕመሙ ካልተሰማዎት መቼ ማቆም እንዳለብዎ አያውቁም።

ጠዋት የሚብስ ሕመም

ሲነሡ ድምፅ ጎርናና ከሆነ፣ ጉሮሮን መጥረግ ካስቸገረ፣ የሆነ ነገር የተሰነቀረ ከመሰለ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል። ቃር ባይኖርም ይከሰታል። መንፋት የሆድን ግፊት ስለሚጨምር በሙሉ ሆድ መጫወት ያባብሰዋል። ከምግብ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት ይጠብቁ፤ ማታም በልተው ወዲያው አይተኙ።

ሕመሙ ከሳል ጋር ሲሆን

መሣሪያውን ያሽትቱ፣ ውስጡንም ይዩ። እርጥበት በሚቀርበት ቱቦ ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የብሪታንያ ሐኪሞች ዘገባ ለዓመታት በደረቅ ሳል ስለተሠቃየ የባግፓይፕ (አየር የሚሞላ ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ተጫዋች ይተርካል። ሰውየው ባግፓይፑን ሳይዝ አውስትራሊያ በቆየባቸው 3 ወራት ተሽሎት ነበር፤ በኋላ ግን በሳንባ ሕመሙ ሞተ። ከመሣሪያው ውስጥ የተለያዩ የሻጋታ ዓይነቶች ተገኝተዋል። እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ ቢሆንም መሣሪያን ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በጨርቅ ማድረቅ፣ አፍ ላይ የሚገባውን ክፍል ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ሪዱንም ሳይደርቅ አለመክደን ትንሽ ሥራ ነው። ከጉሮሮ ኢንፌክሽን ሲድኑ የነፉበትን ሪድ ይጣሉት።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ሲገባ

ደም ከታየ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ አይዘግዩ። ሲነፉ በአንገት ጎን እብጠት የሚወጣ ከሆነ ወይም የድምፅ መጎርነን ከ3 ሳምንት ካለፈ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይመርምርዎ። መሣሪያዎንም ይዘው ይሂዱ፤ ዝም ብሎ ሲታይ ጤነኛ የሚመስል ጉሮሮ ችግሩን የሚያሳየው ሲነፉ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሙ እየነፉ በካሜራ እንዲያይዎት ይጠይቁ።