«ጸናጽል» ከየት መጣ? የድምፅ ቃልን ምንጭ እንዲህ ፈልጉ

አንድ ቃል ድምፅ አስመስሎ የተወለደ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። ጮክ ብላችሁ በሉት። «ጸናጽል»ን ውሰዱ፦ ደብተራው ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ሽቦው ላይ የተሰኩት ስስ ብረቶች ተንሸራተው ይጋጫሉ፣ ጽል ጽል ይላሉ፣ ቃሉም ያንኑ ይደግማል። ቀጥሎ የሚደጋገም ፊደል ፈልጉ፤ እዚህ «ጸ» ሁለቴ አለ። ከዚያ ዘመድ ቋንቋዎችን ጠይቁ፣ ወሳኙ እሱ ነው። በዕብራይስጡ መዝሙር 150 «ጼልጸሊም» የሚጋጩ የብረት ሳህኖች ናቸው፤ ዓረብኛም የብረት ድምፅን «ሰልሰላ» ይላል። እስራኤል ዘመድ ካላችሁማ የስልክ ጥሪ ምን እንደሚባል ጠይቁት፣ «ጺልጹል» ነው የሚላችሁ! እኛ ግን ለስልኩ ቃጭልን መረጥን፣ «አቃጨለ» እንላለን። እሱንም ጮክ ብላችሁ ሞክሩት።