ማዞሩ አልለቅ ሲል፣ ምርመራው ደግሞ «ደህና ነው» ሲል

የደም ምርመራው ደህና ነው። ግፊቱ ደህና ነው። ኤምአርአዩም ደህና ነው። እናንተ ግን አሁንም ግድግዳ እየያዛችሁ ነው የምትሄዱት። ከውጭ ሲያዩዋችሁ ምንም አይታይባችሁም፤ ስብራት የለ፣ ቁስል የለ፣ ትኩሳት የለ። አንዱ «ትንሽ እረፍት ያስፈልግሃል» ይላል፣ ሌላዋ «ብዙ ስለምታስቢ ነው» ትላለች፣ እናንተም ቀስ በቀስ ራሳችሁን መጠራጠር ትጀምራላችሁ።

አትጠራጠሩ። ብዙዎቹ የማዞር መንስኤዎች በፎቶም በደምም አይታዩም። የሚታወቁት ታማሚው ከሚናገረው ታሪክና ሐኪሙ በእጁና በዓይኑ ከሚያደርገው ምርመራ ነው። ስለዚህ «ምንም አልተገኘም» ማለት ገና ትክክለኛው ቦታ አልተፈለገም ማለት ሊሆን ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ከዚህ ችግር ጋር ረጅም ጊዜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እዚህ የምጽፈውም ቀድሞ ቢነገረኝ ብዙ ይጠቅመኝ የነበረውን ነው።

መጀመሪያ ግን የማይቆይ ነገር አለ። ማዞሩ በድንገት መጥቶ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ሁለት ሁለት ማየት ከጀመራችሁ፣ መቆም ጭራሽ ካቃታችሁ፣ ከዚህ በፊት የማታውቁት ከባድ ራስ ምታት ካለ፣ ደረት ካመማችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያ ሲቲ ስካን ተነስታችሁ «ንጹህ ነው» ብትባሉም ምልክቱ ካልለቀቃችሁ ይህንኑ ደግማችሁ ተናገሩ፤ በአንጎል ኋለኛ ክፍል የሚከሰት ስትሮክ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ስካን ሊያመልጠው ይችላል። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ሲያቆምም እንዲሁ ነው። ሰም ይሆናል፣ ጉንፋን ይሆናል ተብሎ አይጠበቅም፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በቀናት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ደብተር ያዙ

ሐኪም ፊት ስንቀመጥ የምንለው «ያዞረኛል» ነው። ይህ ብቻውን ብዙ አይነግረውም። አንዱ ያዞረኛል ሲል ክፍሉ ሲሽከረከር ማየቱ ነው፣ ሌላው ራሱን ሊስት የደረሰ መምሰሉ ነው፣ ሌላው ደግሞ ጀልባ ላይ እንደቆመ ሰው መንገዳገዱ ነው። እንደውም ዛሬ የሽክርክሪት ብሎ የገለጸው ሰው ነገ የመንገዳገድ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ስሜቱን በቃላት ለማሳመር ብዙ አትድከሙ። የሚጠቅመው ሦስት ነገር ነው፦ ለምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ ምን ቀሰቀሰው፣ ምን አብሮት መጣ።

እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት፦ «ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ። በቀኝ ጎኔ ስገላበጥ ክፍሉ ዞረ። 20 ሰከንድ ያህል። አቅለሸለሸኝ። ጆሮዬ አልጮኸም፣ ራሴንም አላመመኝም። ሳልንቀሳቀስ ስቆይ ተወኝ።» ይህች አጭር ጽሑፍ ለሚያውቅ ሐኪም ግማሽ ምርመራ ናት። ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ግን በዚያው ሰዓት ይሁን፤ ሲያልፍ ደቂቃውና ሰዓቱ ይምታታል።

ሌላ በጣም የምመክረው ነገር፣ ማዞሩ በሚመጣበት ሰዓት አጠገባችሁ ሰው ካለ ዓይናችሁን በስልክ ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጉ። ቀረብ ብሎ፣ በቂ ብርሃን ኖሮ፣ ዓይን ተገልጦ። የውስጠኛው ጆሮ ሲታወክ ዓይን ሳናውቀው ወደ አንድ አቅጣጫ እየዘለለ ይንቀሳቀሳል፤ ሐኪሞች ኒስታግመስ ይሉታል። ቀጠሮው በሚደርስበት ቀን ደህና ትሆኑና የሚታይ ነገር ይጠፋል። ቪዲዮው ግን ይኖራል።

ቆይታው ምን ይናገራል?

ሰከንዶች ብቻ የሚቆይና አልጋ ላይ ስትገላበጡ፣ ወደ ላይ ስታዩ ወይም ስታጎነብሱ የሚመጣ ሽክርክሪት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቢፒፒቪ የሚባለው ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ከቦታቸው ተላቀው የራስን መዞር ወደሚለካው ቱቦ ሲገቡ፣ ራሳችሁን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር አንጎል የተሳሳተ መልእክት ይደርሰዋል። ከሽክርክሪት መንስኤዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። የሚታወቀው ዲክስ ሆልፓይክ በሚባል ምርመራ ነው፤ ሐኪሙ ራሳችሁን ወደ ጎን አዙሮ በፍጥነት ወደ ኋላ ያስተኛችሁና ዓይናችሁን ይመለከታል። ማሽን አያስፈልገውም። ሕክምናውም መድኃኒት አይደለም፤ ጆን ኤፕሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው፣ ጠጠሮቹን ራስን በተለያየ አቅጣጫ በማዞር ወደ ቦታቸው የመመለስ ዘዴ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ወይም በጥቂት ጊዜ ይሻለዋል። ይህ ሳይሞከር ለወራት ክኒን ብቻ የሚውጥ ሰው መኖሩ በጣም ያሳዝነኛል። ቤት ውስጥ ራሳችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የትኛው ጆሮ እንደሆነ በሐኪም ይታወቅ።

ስትነሱ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ብዥ እያለ፣ ጉልበት እየከዳችሁ፣ ስትቀመጡ የሚለቅ፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ነገር ነው መታየት ያለበት። ችግሩ ግፊት የሚለካው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ተቀምጠን መሆኑ ነው። ተኝታችሁ 5 ደቂቃ ቆዩ፣ ለኩ፣ ቁሙ፣ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድጋሚ ለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም ንገሩ። ግፊቱ ሳይወርድ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት በ30 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ያ ደግሞ ፖትስ የሚባለውን፣ ሰው ሲቆም ልቡ ከልክ በላይ የሚፈጥንበትን ችግር፣ ያስጠረጥራል። ስትለኩ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ሰው አጠገባችሁ ይቁም።

ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ ከሆነ የማይግሬን ማዞር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ በዚህ ዓይነቱ ማይግሬን በእያንዳንዱ ማዞር ላይ ራስ ምታት መኖሩ ግዴታ አይደለም። በወጣትነታችሁ ራስ ምታት ነበረባችሁ? እናታችሁ ወይም እህታችሁ ማይግሬን አለባቸው? መኪና ውስጥ ታነቡና ያጥወለውላችኋል? እነዚህን ሳትጠየቁም ተናገሩ። ማዞሩ ከአንድ ጆሮ መደፈን፣ መጮህና የመስማት መቀነስ ጋር እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሜኒዬር የሚባለው የውስጠኛው ጆሮ በሽታ ይታሰባል፤ ይህ የመስማት ምርመራ ሳይደረግ አይረጋገጥም።

አንዴ ለቀናት ሳያቋርጥ አዙሮ፣ አስመልሶ፣ አልጋ ላይ ጥሎ ቀስ እያለ የለቀቀ ከሆነ የሚዛን ነርቭ መቆጣት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድናል፣ አንዳንዱ ግን ዋናው ነገር ካለፈ በኋላም ለወራት መንገዳገድ ይቀርበታል።

ይህ የመጨረሻው ብዙዎቻችሁን ይመለከታል ብዬ አስባለሁ። ማዞሩ በአብዛኛው ቀን አለ፤ ሽክርክሪት ሳይሆን መወዛወዝ ነው። ስትቆሙ ይብሳል፣ ስትንቀሳቀሱ ይብሳል፣ ዕቃ በተደረደረበት ሰፊ መደብር ውስጥ ወይም ስልክ ላይ ጣታችሁን ወደ ላይ እየገፋችሁ ስታነቡ ይብሳል። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሆኖታል። ይህ ፒፒፒዲ ይባላል፤ የማዞርና የሚዛን ችግሮችን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው የባራኒ ማኅበር የመለያ መስፈርቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ገና አዲስ ስለሆነ ስሙን ያልሰማ ሐኪም ቢያጋጥማችሁ አይግረማችሁ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከላይ ካልኳቸው አንዱ ከመጣ በኋላ ነው፦ ጆሮው ያገግማል፣ አንጎል ግን በጥንቃቄ ላይ እንዳለ ይቀራል። ፎቶው ንጹህ ነው፣ ስሜቱ እውነት ነው፣ ሕክምናም አለው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

ሁሉንም በአንድ ገጽ አድርጉት። መቼ ጀመረ፣ የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስል ነበር፣ አሁን ቆይታውና ቀስቃሹ ምንድን ነው፣ የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ። መድኃኒቱን አትዝለሉት። የግፊት፣ የእንቅልፍ፣ የድብርት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ሊያዞሩ ይችላሉ፤ እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎች ደግሞ የጆሮን የሚዛን ክፍል ሊጎዱ ስለሚችሉ ድሮ የወሰዳችሁትም ቢሆን ይጻፍ። ግን በራሳችሁ ፈቃድ ምንም አታቋርጡ።

ከዚያ በትሕትና፣ ሳትፈሩ ጠይቁ። «ዶክተር፣ ዲክስ ሆልፓይክ ይሠራልኝ?» «ቆሜ ግፊቴ ይለካልኝ?» «የመስማት ምርመራ ያስፈልገኛል?» ደም ማነስ፣ ስኳር፣ ታይሮይድና ቫይታሚን ቢ12 ካልታዩ እነሱም ይታዩ፤ ልብ ትር ትር የሚል ከሆነ ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ። ብዙ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ኤምአርአይ ላይ ያፈሳል፣ እኔ ግን እነዚህ ርካሽ ምርመራዎች ይቅደሙ እላለሁ። ጆሮ ከተጠረጠረ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም፣ ማይግሬን ወይም ሌላ የነርቭ ምልክት ካለ የነርቭ ሐኪም። ሁለቱም «የእኔ አይደለም» ካሉ «ታዲያ የማን ነው? ወዴት ልሂድ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

«ጭንቀት ነው» ስትባሉ አትቆጡ፣ ግን እዚያ ላይም አትቁሙ። ጭንቀትና ሚዛን በአንጎል ውስጥ የተያያዙ ናቸው፤ ጭንቀት ያዞራል፣ ማዞርም ያስጨንቃል። ትክክለኛው ጥያቄ «ጆሮዬና ግፊቴ ታይተው ነው? ጭንቀት ከሆነስ ሕክምናው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። በጭንቀት ስም ያለ ሕክምና ከተሸኛችሁ ሌላ ሐኪም መፈለግ መብታችሁ ነው።

እስከዚያው እንዴት ይኖራል?

ከባዱ ነገር ይህ ነው። ሲያዞር ሰውነት «ተኛ» ይላል፣ የማዞሩ ቀናት ሲበዙ ደግሞ መተኛት ልማድ ይሆናል። አንጎል ግን ሚዛንን መልሶ የሚማረው በእንቅስቃሴ ነው። ከባዱ ማዕበል ሲያልፍ ተነሱ፣ ትንሽም ቢሆን በየቀኑ ተራመዱ። ሲናሪዚንና መክሊዚን የመሰሉ የማዞር ማስታገሻዎች በከባድ ቀናት ይጠቅማሉ፤ ለሳምንታት ሲወሰዱ ግን አንጎል እንዳይላመድ ያዘገዩታል። በየቀኑ የምትወስዱ ከሆነ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

የሚዛን ፊዚዮቴራፒ የሚሰጥ ባለሙያ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ሂዱ። የማይግሬኑና የፒፒፒዲው ማዞርም ቢሆን በዚህ ሊረዳ ይችላል። ከመሠረታዊ ልምምዶቹ አንዱ ይህ ነው፤ ሐኪማችሁ ይስማማና ሞክሩት። ወረቀት ላይ አንድ ፊደል በጉልህ ጽፋችሁ በዓይናችሁ ትይዩ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። መጀመሪያ ተቀምጣችሁ፣ ዓይናችሁን ከፊደሉ ሳትነቅሉ ራሳችሁን ብቻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዙ። ፊደሉ መደብዘዝ ወይም መንሸራተት ሲጀምር ፍጥነቱን ቀንሱ። 30 ሰከንድ ይበቃል፣ ከዚያ እረፍት። ትንሽ ማዞሩ የሚጠበቅ ነው፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ካልረጋ ግን አብዝታችኋል ማለት ነውና በቀጣዩ ቀን ቀንሱት።

ቤት ውስጥ፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ላይ መብራት ይኑር። ጨለማ ውስጥ ዓይን ስለማያግዝ የሚወደቀው ያኔ ነው። መታጠቢያው ውስጥ የሚጨበጥ ነገር ይኑር። መሰላል ላይ መውጣት፣ ብቻ መዋኘት ይቅር። ማዞሩ ሳይታሰብ የሚመጣ ከሆነ ሐኪም እስኪፈቅድ መኪና አትንዱ፤ ይህ ለእናንተ ብቻ አይደለም፣ መንገድ ላይ ላለውም ሰው ነው። ከአልጋ ስትነሱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፣ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ቁሙ።

የሰው ምክር ይበዛል፣ በተለይ ስለ ጨው። ለሜኒዬር ሐኪሞች ጨው ቀንሱ ይላሉ፤ ቆሞ ግፊት ለሚወርድበት ሰው ደግሞ አንዳንዴ ጨምሩ ይላሉ። የጎረቤታችሁ ማዞር የእናንተ ላይሆን ስለሚችል መንስኤው ሳይታወቅ የማንንም ምክር አትቅዱ።

ለቤተሰብም ንገሯቸው፣ ግን በአጭሩ፦ «ስንቀሳቀስ ያዞረኛል፣ ሲመጣ እቀመጣለሁ፣ ዝም ብላችሁ አጠገቤ ሁኑ።» አብሯችሁ የሚኖረው ሰው አንዴ ከእናንተ ጋር ሐኪም ዘንድ ቢገባ ደግሞ ብዙ ነገር ይቀየራል። እናንተ የረሳችሁትን እሱ ያስታውሳል፣ ሐኪሙም የማዞሩን ሰዓት ከውጭ ካየ ሰው ይሰማል።

መድኃኒት ከተጀመረላችሁ ጊዜ ስጡት። የማይግሬን መከላከያም ሆነ ለፒፒፒዲ የሚሰጡት መድኃኒቶች በሦስትና በአራት ቀን አይመዘኑም፣ ሳምንታት ይፈልጋሉ። መጠኑ ከስንት ወደ ስንት እንደሚያድግ፣ ለውጡ በስንት ሳምንት እንደሚገመገም ገና ሲታዘዝላችሁ ጠይቁ፣ ቀጠሮውንም በዚያው አስይዙ።