ሽንት ሲያመልጥ አሜሪካ ውስጥ ወደ ማን ይኬዳል?

አሜሪካ በገባችሁበት የመጀመሪያ ዓመት ስለ መንጃ ፈቃድ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ግብር የሚመክራችሁ ሰው አታጡም። ስትስቁ ወይም ስታስነጥሱ ሽንት እንደሚያመልጣችሁ፣ ሌሊት በየሰዓቱ እንደምትነሱ ወይም ማህፀናችሁ ወደ ታች ወርዶ እንደሚከብዳችሁ ግን የሚጠይቃችሁ የለም። ብዙ እናቶች የወሊድ ዕዳ ነው ብለው ሞዴስ እየቀያየሩ፣ ከረጅም ቅዳሴና ከሰርግ ቤት እየቀሩ ይኖራሉ። ሕመሙ ግን ሕክምና አለው፤ እዚህ አገር ደግሞ ለእርሱ ተብሎ የሠለጠነ ሐኪም አለ።

ይህ ሐኪም ዩሮጋይኔኮሎጂስት ይባላል። በማህፀንና ጽንስ ወይም በዩሮሎጂ (በሽንት አካላት ሕክምና) ከሠለጠነ በኋላ የሴቶችን የሽንት ፊኛና ፊኛንና ማህፀንን ከሥር የሚደግፉትን የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ለብቻው ያጠና ነው። በዘርፉ የብቃት ማረጋገጫ ፈተና መሰጠት የጀመረው በ2013 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወንዶች፣ በተለይም ፕሮስቴት የሚያስቸግራቸው፣ ወደ ዩሮሎጂስት ይሄዳሉ።

በቀጥታ መሄድ ግን ሁልጊዜ አይቻልም። ኢንሹራንሳችሁ ኤችኤምኦ (በመደበኛ ሐኪም በኩል የሚያልፍ ዓይነት) ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ ሐኪማችሁ ሪፈር ሊጽፍላችሁ ይገባል፤ ፒፒኦ (ሐኪም ራሳችሁ የምትመርጡበት ዓይነት) ከሆነ ብዙውን ጊዜ ራሳችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ ትይዛላችሁ። በዲቪ የመጡ አዋቂዎች በአብዛኛው ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ለማግኘት አምስት ዓመት ይጠብቃሉ፤ ነገር ግን በመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ለመግዛት የመኖሪያ ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ 60 ቀን አላችሁ። ኢንሹራንስ ከሌላችሁም የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በገቢያችሁ ልክ ያስከፍላሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚወስነው መደበኛው ሐኪም ፊት መጀመሪያ የምትናገሩት ነው። የእኛ ሰው ያፍርና «ኩላሊቴን ያመኛል» ይላል፤ ሐኪሙም የኩላሊት ምርመራ ያዝዛል፣ ውጤቱ ደህና ነው ብሎም ይሸኛል። በግልጽ ተናገሩ፦ «ሳስል ሽንት ያመልጠኛል»፣ «ሽንት ቤት ሳልደርስ ይቀድመኛል»፣ «ከታች የሚወጣ ነገር አለ»። ሦስቱ አንድ አይደሉም። በሳልና በሳቅ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ የሽንት መውጫው ድጋፍ ሲላላ ነው፤ አጣድፎ የሚቀድመው ፊኛው ያለጊዜው ሲኮማተር፤ የሚወጣው ደግሞ ማህፀን ወይም ፊኛ ከቦታው ሲወርድ ነው። ሕክምናቸውም እንዲሁ ይለያያል።

ልጃችሁን ለማስተርጎም ይዛችሁ አትግቡ። እናት በልጇ ፊት ይህን በሙሉ አትናገርም፤ ልጁም መስማት የለበትም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010 የጤና ሕግ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ሴት ብትሆን» በሉ። ሰፈሩ ጠባብ ነው፣ ወሬው ይወጣል ብላችሁ ከሰጋችሁ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ጠይቁ፤ ፊታችሁን አያይም፣ ምናልባትም ሌላ ግዛት ነው ያለው።

ሳትጠየቁ የምትናገሯቸው ነገሮች ደግሞ አሉ። የተገረዛችሁ ከሆነ ከምርመራው በፊት አሳውቁ፤ ሐኪሙ አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ብልት የተሰፋበት ግርዛት ሽንትን ራሱን ያውካል። በምጥ ብዛት ፊስቱላ (ሽንት ሳይቋረጥ የሚፈስበት፣ በፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) አጋጥሟችሁ ከነበረም እንዲሁ። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1974 ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በዓለም የታወቀ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን የወሊድ ፊስቱላ እምብዛም ስለማይታይ ብዙ ሐኪም በተግባር አያውቀውም። ቀዳዳው በደንብ ተዘግቶም ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉ፤ የት፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደተጠገነ መናገር ምርመራውን ያሳጥራል።

ከቀጠሮው በፊት ለሦስት ቀን የጠጣችሁትን፣ የሸናችሁበትን ሰዓትና ያመለጣችሁን ጊዜ በወረቀት ያዙ። ቡናውንም ጻፉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚጠጣ ሰው ፊኛውን በካፌይን እየቀሰቀሰ ነው፤ ቡና ይቅር አልልም፣ ለሁለት ሳምንት ቀንሶ ልዩነቱን ማየት ግን ከመድኃኒት ይቀድማል። ሽንት ያመልጠኛል ብሎ ውሃ መተው ግን ስህተት ነው፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ የውሃ ማነሱ የሆድ ድርቀት ያመጣል፣ ማማጡም የዳሌ ወለልን የበለጠ ያላላል። የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ከአገር ቤት ጀምሮ ለደም ግፊት የሚወሰደው ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሳሉ ደግሞ ሽንቱን ያስመልጣል።

ብዙ ሰው ቢላዋ ይጠብቀኛል ብሎ ይፈራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ ነው። በግል ክፍል ውስጥ ባለሙያዋ ጡንቻውን በትክክል መጭመቅ ታስተምራለች፤ ለውጡ የሚታየው ሦስት ወር ያህል ሳይቋረጥ ሲሠራ ነው። ለወረደ ማህፀን ፔሳሪ የሚባል የሲሊኮን ቀለበት ይገባል፤ ያለ ቀዶ ሕክምና ለዓመታት የሚጠቀሙበት አሉ። ፊኛን የሚያረጋጉ መድኃኒቶችም አሉ፤ ኦክሲቡቲኒን አፍ ያደርቃል፣ በዕድሜ የገፉትን ደግሞ ሊያደናግር ይችላል፤ ለወላጆቻችሁ ከታዘዘ ሌላ አማራጭ እንዳለ ጠይቁ። ቀዶ ሕክምና ከተባለ ሰው ሠራሽ መረብ ይገባ እንደሆነ ጠይቁ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በብልት በኩል ለወረደ ማህፀን የሚገባውን መረብ ሽያጭ በ2019 አስቁሟል። ለሽንት ማምለጥ የሚገባው ቀጭን ማሰሪያ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እስካሁን ይሠራበታል።

ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ትኩሳት ከጎን ሕመም ጋር ከመጣ፣ ወይም እግር እየከዳ በጭን መካከል ከደነዘዘ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በሽንት ውስጥ ደም ካያችሁም ባያምም በዚያው ሳምንት ታዩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት አይፈቀድም፤ ይህ በመጋዘን ለሚሠሩና አረጋውያንን ለሚንከባከቡ ትልቅ ነገር ነው። እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ዕረፍት የሚሰጠው የፌዴራል ሕግ የሚያገለግለው አንድ ዓመት ለሠራና በዓመቱ 1,250 ሰዓት ላሟላ፣ ድርጅቱም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ካለው ነው። ሥራ የጀመራችሁት በቅርቡ ከሆነና ሐኪሙ አያስቸኩልም ካለ፣ ቀዶ ሕክምናው ዓመቱ እስኪሞላ በፔሳሪና በፊዚዮቴራፒ መቆየት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ለአሠሪያችሁም «ከባድ አታንሳ» የሚል ደብዳቤ ከዛሬ ጀምሮ ማጻፍ ትችላላችሁ።