የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን እንደ መርከበኛ ማንበብ

ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ ያደረገውን የባሕር ጉዞ ለልጆች ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚያነብ ሰው አንድ ልማድ አለው፤ ማዕበሉን በጥድፊያ አልፎ መልአኩ ወደ ተገለጠበት ቁጥር ይሮጣል። ዕድሜዬን በጭነት መርከብ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና ይህን ስሰማ ያንገበግበኛል። የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስ «እኛ» እያለ የጻፈው በዚያች መርከብ ላይ ስለ ነበረ ነው። መርከበኞቹ ያደረጉትን አንድ በአንድ መዝግቦልናል፤ ከዚያ ውስጥ እንዲያው የተደረገ ነገር የለም። ስለዚህ ንባቡን የምትመሩበት ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን፦ ይህን ለምን አደረጉ?

የሜድትራንያን ባሕር ካርታ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ጥቂት ሜትር ገመድ አዘጋጁ። ከሲዶና (ዛሬ ሊባኖስ) እስከ ሙራ (ዛሬ ቱርክ)፣ ከሙራ እስከ ቀርጤስ ያለውን መንገድ በእርሳስ ቶሎ አስምሩ፤ እዚያ ላይ ጊዜ አታባክኑ። መልካም ወደብ ወደሚባለው የቀርጤስ ስፍራ ስትደርሱ ግን ቁሙ፤ ወሩን አስሉ። የጾሙ ጊዜ አልፎ ነበር ሲል የአይሁድን የስርየት ቀን ነው፤ ይህም በመስከረም ወይም በጥቅምት መግቢያ ይውላል። የዚያ ባሕር ክረምት የእኛ ሐምሌና ነሐሴ አይደለም። ሮማውያን ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ባሕሩን ዝግ ነው ይሉት ነበር።

ጳውሎስ ከዚህ አንሂድ ቢልም ጉዞውን የመረጠውን የመርከቡን መሪ ሞኝ አድርጋችሁ አታስተምሩ። መርከቧ የእስክንድርያ ናት፣ ስንዴ ጭናለች፣ ሮም ደግሞ የግብፅን እህል ትጠብቃለች። ከዚያ ጉዞ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቀላውዴዎስ ቄሣር በማዕበል ለሚደርስ ኪሳራ ካሣ እከፍላለሁ ብሎ ነጋዴዎችን በክረምት እንዲጓዙ አደፋፍሮ ነበር። ሊከርሙበት ያሰቡት ሌላው የቀርጤስ ወደብ ፍንቄም ነፋሱ ከቀና የአንድ ቀን መንገድ ነው። ለስላሳ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ መልሕቅ የማያነሳ ስንት መሪ አለ? እኔ ብዙ አላየሁም።

ከዚያ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ዞረባቸው። ካርታው ላይ ከቀርጤስ ወደ ደቡብ ምዕራብ ማስመሪያውን አስቀምጡ፤ ጫፉ ሊቢያ ጠረፍ ላይ ያርፋል። መርከብ የሚተከልበት የስርቲስ ደለል ያለው እዚያ ነው። መርከበኞቹ የፈሩትን አሁን ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል።

ቄዳ ከምትባለው ትንሽ ደሴት ከለላ ሥር ጥቂት ፋታ ሲያገኙ ሦስት ነገር አደረጉ፤ ከምዕራፉ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። መጀመሪያ ከኋላ ስትጎተት የነበረችውን ታንኳ አወጡ። «በጭንቅ» የሚለው ቃል አይለፋችሁ፤ ውኃ የሞላት ታንኳ ትከብዳለች፣ ሉቃስም ገመድ ሳይጎትት አልቀረም። ቀጥሎ መርከቧን በገመድ አስታጠቁ። የትልቁ ሸራ ምሰሶ በነፋስ ሲወዛወዝ የእንጨቱን አካል ይፈለቅቀዋል፣ ውኃ በሳንቃዎቹ መካከል ይገባል፤ ስለዚህ ገመዱን ከሥር አሳልፈው ዙሪያዋን አጥብቀው አሰሩ። ቅርጫት ወይም አሮጌ ሣጥን አምጡና ልጆቹ በገመዱ እንዲያስሩት አድርጉ፤ ከዚያ ጎኑን ተጭነው ይሞክሩት። በመጨረሻም የሸራ ዕቃዋን አወረዱ፣ ነፋሱ እንዳሻው ወደ ስርቲስ እንዳይነዳት። ዛሬ በብረት መርከብም ማዕበል ሲመጣ የወለሉን ዕቃ ሁሉ እናስራለን፣ ፍጥነት እንቀንሳለን፣ ፊቷን ወደ ማዕበሉ እናዞራለን።

አሁን ሒሳብ። መርከብ ስለ መንዳት የሚያውቅ ጄምስ ስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1848 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው ጥናት ይህን አስልቶታል። እንዲህ የታሰረች መርከብ በነፋስ ተገፍታ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ተኩል ያህል ትንሸራተታለች፤ ከቄዳ መርከቧ በመጨረሻ እስከ ተሰበረችበት ደሴት እስከ መላጥያ (ማልታ) ደግሞ 476 ማይል ገደማ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ያካፍሉ፤ መልሱን ቀድማችሁ አትንገሯቸው። በቀን 36 ማይል፣ አሥራ ሦስት ቀን ከጥቂት። ከዚያ በኋላ «አሥራ አራተኛው ሌሊት» የሚለውን ቁጥር አስነብቧቸው።

ያን ሌሊት ጥልቀቱን ለኩ። እጁ ረጅም የሆነውን ልጅ አቁሙና ክንዱን ግራና ቀኝ ይዘርጋ፤ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው አንድ ልክ ነው፣ 1.8 ሜትር ያህል። መጀመሪያ ያገኙት ሃያ ልክ 36 ሜትር፣ ቀጥሎ ያገኙት አሥራ አምስት ልክ 27 ሜትር ነው። ጥቂት ሄደው ዘጠኝ ሜትር ከጠፋ የብሱ ከፊታቸው ነው ማለት ነው። አራቱን መልሕቆች ከኋላ የጣሉት ለዚህ ነው። ከፊት ቢጥሉ ነፋሱ መርከቧን ያዞራታል፣ በጨለማም ድንጋይ ላይ ልትወጣ ትችላለች፤ ከኋላ ስትያዝ ግን ፊቷ ወደ የብስ እንዳለ ንጋትን ትጠብቃለች።

ስንዴውንም የጣሉት ቁጣ ይዟቸው አይደለም። 276 ነፍስ ከበሉ በኋላ መርከቧ ቀልላ ከፍ እንድትልና ወደ ባሕሩ ዳር ይበልጥ እንድትጠጋ ነው። ሲነጋ የመልሕቁን ገመድ ቆረጡ፣ መርከቧ የምትዞርበትን መቅዘፊያ ማሰሪያ ፈቱ፣ የፊቱን ሸራ ሰቀሉ፤ ሦስቱም የአንድ ሥራ ክፍሎች ናቸው። ፊቷ አሸዋ ውስጥ ተተክሎ ኋላዋ በማዕበል ሲሰበር የሚዋኘው ዋኘ፣ ሌላው በሳንቃ ላይ ወጣ።

ምዕራፍ 28ን ሳትከፍቱ አትበተኑ። ከሦስት ወር በኋላ የተሳፈሩባት መርከብም የእስክንድርያ ናት፤ ክረምቱን መላጥያ ላይ ያሳለፈች። የሁለቱን መርከቦች ውሳኔ ልጆቹ ካርታው ላይ ጎን ለጎን ያስምሩ።